ውጩ ለገዢ፣ ውስጡን ለቄስ

አማርኛችን አንድ አጭርና ክፉ አነጋገር አለው፤ «ውስጡን ለቄስ» ይላል። ላዩ ያማረ፣ ውስጡ የተበላሸ ነገር ሲያጋጥመን የምንወረውረው ቃል ነው። የውስጥ ጉድ የሚነገረው ለንስሐ አባት እንጂ ለአደባባይ አይደለም ለማለት ነው። ይህ ጸሐፊ ግን ይህን አነጋገር በሰማ ቁጥር ትዝ የሚለው ሰው አይደለም፤ ቤት ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት የማንጎ ዛፎች ያጠሉበት አንድ የጭቃ ቤት። የእናቴ ቤት።

ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ የደላላና የነጋዴ ጥያቄ ይመስላል። ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲነሣ ምን ያህል ማሳመር ይፈቀድለታል? ጠርጎ፣ ለስኖ፣ ቀብቶ ማቅረብ ብልህነት ነው ወይስ ማታለል? ድንበሩስ የት ላይ ነው? መቼም ቤት እንደ ሽንኩርት በኪሎ የሚገዛ ነገር አይደለም። ብዙው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢገዛ ነው፤ ያውም የዓመታት ጥሪቱን አሟጦ። ስለዚህ ጥያቄው ከገበያ አልፎ የሕሊና ይሆናል። አስቀድሜ ግን አንባቢዬን ላስጠንቅቅ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ፈራጅ ሆኜ አልቀረብኩም። ተከሳሽ ነኝ።

*

እናታችን ያረፈችው በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከማረፏ በፊት ለሕክምና አዲስ አበባ ወራት ተመላልሰናል፤ ለዚህም የተበደርነው ገንዘብ ከእርሷ በኋላ ከእኛ ጋር ቀረ። ሦስት ልጆች ነን፤ ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድማችን፣ እህታችንና እኔ። ሦስታችንም ኑሯችን ሌላ ከተማ ነው። ከተዝካሯ በኋላ ተሰብስበን መከርንና ቤቱ እንዲሸጥ ተስማማን። ባለ ዕዳዎቹ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ደግ ሰውም ቢሆን ገንዘቡን ይፈልገዋል።

ደላላው በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ መጣ። ጠና ያለ፣ ንግግሩ የረጋ ሰው ነው። ቤቱን እንደ ሐኪም ዞሮ ዞሮ መረመረውና በረንዳው ላይ ተቀምጦ ትምህርቱን ጀመረ።

«ስማኝ ልጄ፣ ቤት የሚሸጠው በዓይን ነው። ገዢ ደጁን ሲረግጥ ልቡ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር የዋጋ ብቻ ነው።»

ከዚያ ትእዛዙን ዘረዘረ። ውስጡ ነጭ፣ ውጩ ክሬም ይቀባ። የዛገው ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ይሰጠው። የማንጎው ዛፍ ቅርንጫፍ ይመልመል፣ ሳሎኑ ብርሃን ያግኝ። ከዕቃው ግማሹ ይውጣ፤ ባዶ ክፍል ሰፊ ይመስላል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ኖራ ይበተንበት። ገዢ የሚመጣው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ የሐይቁ ነፋስ ደስ በሚልበት ሰዓት ይሁን፤ ነገር ግን 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ቢንቢ ሳይነሣ ይሸኝ። ሲገባ ቡና እየተቆላ ይቆየው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽያጩ ከግንቦት በፊት ይለቅ፤ «ክረምት ከገባ ቤት ሁሉ ምሥጢሩን ያወጣል» አለ።

የእኛን ቤት ምሥጢር አንድ ጊዜ ዞሮ አውቆት ነበር። ምሥጢሩ ጓዳው ነው። ቤቱ የቆመበት አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ግድግዳም አብሮ ያነሣዋል፣ አብሮ ያወርደዋል። በዚህም ምክንያት የጓዳው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች፣ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍሏል። ጣና ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ባለበት የሚቆም ሐይቅ አይደለም። በሰኔ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ክረምቱን ጠጥቶ በመስከረም ከፍ ይላል። ከሐይቁ አቅራቢያ በዝቅተኛ ቦታ የሚኖር ሰው ይህን የሚያውቀው በመሣሪያ ለክቶ ሳይሆን በወለሉ ነው። የጓዳችን ሊሾ በየነሐሴው ያልበዋል፤ ግድግዳው ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ይረጥባል። እናታችን የጤፍ ጎታዋን በድንጋይ ላይ አስቀምጣ ነበር የምትኖረው። ለእንቁጣጣሽ በተሰበሰብን ቁጥር፣ «ልጆቼ፣ ይቺን ጓዳ አንድ ነገር አድርጉልኝ» ትለናለች። እኛም «ለከርሞ» እንላታለን።

ደላላው ስንጥቁን በመዳፉ ዳሰሰና «ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ቁም ሣጥን» አለ። አስቸጋሪ ሥራ አልነበረም።

*

ነገሩን ሚዛናዊ ለማድረግ አንድ ነገር ልበል። ማሳመር ሁሉ ውሸት አይደለም። ሠርግ ሲደርስ ቤቱን የማይለስን፣ ለዓመት በዓል ቄጤማ የማይጎዘጉዝ፣ እንግዳ ሲመጣ የተዝረከረከውን ወደ ጓዳ የማይገፋ ማን አለ? እንግዳችን በቤታችን ዘወትር ቄጤማ የሚጎዘጎዝ አይመስለውም። ሁለታችንም ወጉን እናውቀዋለን፤ ስለዚህ አልተታለለም፣ ተከበረ እንጂ። ቤት ለማየት የሚመጣ ሰውም እንዲሁ ነው። አቧራ ጠርጎ፣ የተሰበረ መስተዋት ተክቶ፣ ግድግዳ ቀብቶ መቀበል ለእርሱም ለቤቱም ክብር ነው።

የመታያ ሰዓት መምረጥስ? እዚህ ላይ ሚዛኑ ትንሽ መወዛወዝ ይጀምራል። ሆኖም ገዢው ማታ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ቢንቢ መኖሩን ለማወቅም ነቢይ መሆን አያስፈልገውም። የገዢውን ዓይን አልጋረድንበትም። ስንጥቅ በስቱኮ ሲደፈን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰውዬው ሦስት ጊዜ ቢመላለስ፣ ፋኖስ ይዞ ቢፈልግ አያገኘውም። እኛ የምናውቀውን እርሱ እንዳያውቅ በገዛ እጃችን በሩን ዘግተንበታል።

ይህ ልዩነት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴና ለሚማረው ልጁ ስለ ግዴታዎች አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በዚያ ውስጥ የሚተርከው አንድ ታሪክ ጣና ዳር የተፈጸመ እስኪመስል ድረስ ቅርባችን ነው። ካኒዩስ የተባለ ሮማዊ በሲሲሊ ደሴት ወደምትገኘው ሲራኩስ ለዕረፍት ሄደና ከባሕሩ ዳር የአትክልት ቦታ ለመግዛት አማረው። ፒትዩስ የተባለ ባለ ገንዘብ ይህን ሰማ። «ቦታዬን አልሸጥም፤ ግን ነገ ራት እዚያ ጋብዤሃለሁ» አለው። ከዚያም ዓሣ አጥማጆችን ሰብስቦ በማግሥቱ ከቦታው ፊት ለፊት እንዲያጠምዱ አዘዛቸው። እንግዳው ሲደርስ ባሕሩ በጀልባ ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ አጥማጅ የያዘውን ዓሣ እያመጣ በፒትዩስ እግር ሥር ይዘረግፋል። ካኒዩስ ተገርሞ ቢጠይቅ፣ የሲራኩስ ዓሣ ሁሉ ያለው እዚህ ነው ተባለ። ለምኖ፣ የተጠየቀውን ከፍሎ፣ ከነዕቃው ገዛው። በማግሥቱ ወዳጆቹን ጋብዞ ሲመጣ አንድም ጀልባ የለም። «የአጥማጆች በዓል ነው እንዴ?» ብሎ ጎረቤቱን ቢጠይቀው፣ እዚህ ቦታ የሚያጠምድ ሰው አይቶ እንደማያውቅ፣ የትናንቱ ነገር ራሱን እንደገረመው ነገረው።

እስቲ ጀልባዎቹን የደንገል ታንኳ፣ ዓሣውን ቆሮሶና አምባዛ አድርጋችሁ ተመልከቱት። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ፒትዩስ አንድ ቃል ባይተነፍስስ ኖሮ? ጀልባዎቹን አሰልፎ ዝም ቢልስ? ያን ጊዜም ቢሆን የዋሸው እርሱ ነው፤ አፉ ያልተናገረውን ጀልባዎቹ ተናግረውለታልና። ስቱኮም እንደዚሁ ነው። ድምፅ የለውም፤ ግን «እዚህ ስንጥቅ የለም» ይላል።

*

ይህን ሁሉ ለወንድሜ አልነገርኩትም። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ ጓዳውን ብንነግራቸውስ?»

«ለማን?» አለኝ። «ገዢ ዓይን የለውም? አናጢ ይዞ አይመጣም? ደግሞስ አገሩ ሁሉ ቀብቶ ሲሸጥ እኛ ብቻ ምን ቤት ነን? ዋጋው ሲወርድ ዕዳውን አንተ ትከፍላለህ?»

ቀጥሎ ያመጣው ክርክር ግን ከሁሉም የጠነከረ ነበር። «ደግሞ የሚገዛው ቦታውን ነው እንጂ ቤቱን መሰለህ? አፍርሶ ፎቅ ይሠራበታል።»

እውነት አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። እንግዲህ በሕጉ ዓይን የምንሸጠው ግድግዳውንና ጣሪያውን ብቻ ነው። ገበያው ግን ሌላ ቋንቋ ይናገራል። ለዘመመ የጭቃ ቤት ያን ያህል ገንዘብ የሚቆጠረው ለጭቃው እንዳልሆነ ሻጭም፣ ገዢም፣ ደላላም ያውቃሉ። ሰው የሚከፍለው ለሐይቁ ቅርበት፣ ለመንገዱ፣ ለካርታው ነው። የወንድሜ ክርክር ግን እዚሁ ላይ ይሰናከላል። ወረቀቱ ላይ ሸጥን ብለን የምንፈርመው ቤቱን ነው። በሕግ የእኛ የሆነውና ለሌላ ሰው ልናስተላልፍ የምንችለው ያንኑ የተሰነጠቀ ግድግዳ ነው። የሸጥነውን ብቸኛ ነገር ነው የደበቅነው።

ወንድሜ ሳያውቀው የአንድ ፈላስፋ ደቀ መዝሙር ሆኖ ነበር። ሲሴሮ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የሁለት ሊቃውንትን ክርክር ያቀርባል። የሚከራከሩት ስለ ቤት ሽያጭ ነው። ቤቱ ለጤና አይስማማም፤ እንጨቱ ደካማ ነው፣ መኝታ ክፍሎቹ እባብ አይጠፋባቸውም። ይህን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የባቢሎኑ ዲዮጋን ሕግ ካስገደደው በላይ የመናገር ግዴታ የለበትም ይላል፤ ዝም ማለትና መደበቅ ይለያያሉ፣ ገዢውን ማንም አላስገደደውም፣ የገዛ ቤቱን ነውር እያወጀ የሚሸጥ ሰውም መሳቂያ ነው ባይ ነው። ተማሪው የነበረው የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ግን አይስማማም። መንገድ ለጠፋው ሰው መንገድ አለማሳየት በአቴና ያስረግም ነበር፤ ይህ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፣ ሰውን እያወቁ ወደ ስሕተት መምራት ነው ይላል። ሲሴሮ የፈረደው ለተማሪው ነው።

የእኛም ሕግ ለዚህ ወገን ያደላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ እያየ የገዛውን ግልጽ ጉድለት ለገዢው ይተዋል፤ ሻጭ ግን የሸጠው ነገር ከተደበቀ ጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ዋስ ነው። በተንኮል የተገኘ ውል ሊፈርስ እንደሚችልም ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ስቱኮ ስር ያለ ስንጥቅ «ከመሸጡ በፊት ነበረ» ብሎ ፍርድ ቤት ቆሞ ማስረዳት ለአንድ ደመወዝተኛ ቀላል ነገር አይደለም። ሕግ የማይደርስበት ጓዳ አለ። ሕሊና የሚያስፈልገውም እዚያ ነው።

«ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውስ? ይህም መልስ አለው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ሲካፈል ሥራው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ሐሳቡ ሲጨመቅ ይህ ነው፤ ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው የተጠራጣሪ ዋጋ ነው። የደህናው ዕቃ ባለቤት በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ ብልሹው ይቀራል። ስለዚህ ቀብቶ የሚሸጥ ሰው የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። ስንጥቅ የሌለበት ቤት ያለውንም ጎረቤቱን ይጎዳል፤ የእርሱም ነጭ ግድግዳ በጥርጣሬ ዓይን ይታያልና። «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» እየተባባልን የምንኖርበትን ገበያ የሠራነው እያንዳንዳችን በየጓዳችን ነው።

ይህ ሁሉ መልስ ግን የዕዳውን ጥያቄ አይመልስም። እውነት ዋጋ አላት፤ ያን ዋጋ ለመክፈል ደግሞ ሁሉም እኩል አቅም የለውም። ይህን የማይቀበል የሥነ ምግባር ስብከት ለጠገበ ሰው ብቻ የተጻፈ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ችግራችን እውነተኛ ቢሆንም ችግሩን ለማያውቀን ሰው አስተላለፍነው እንጂ አልፈታነውም።

*

ቀባነው። ቀለም ቀቢው ስንጥቁን ሲደፍን፣ «ይሄ ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም፣ ታውቃላችሁ አይደል?» አለ። እናውቃለን አልን። ሥራው ሲያልቅ በረንዳው ላይ ቆሜ አየሁት። ቤቱ በሕይወቴ እንደዚያ አምሮ አይቼው አላውቅም። እናቴ ስንት ዓመት ያልተቀባ ግድግዳ ስታይ ኖራ፣ ለማናውቀው ሰው በአራት ቀን አስውበን ጨረስነው። እህቴ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ምንም አልተባባልንም።

ገዢዎቹ የመጡት በየካቲት ነው። ፎቅ የሚሠራ ባለ ሀብት አልነበረም። እርሱ አስተማሪ፣ እርሷ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ናቸው። ቡናው ተቆላ፤ ነፋሱም ከሐይቁ መጣ። ሴትዮዋ ጓዳ ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና ባሏን ዞራ፣ «ይቺ ለልጆቹ ትሆናለች» አለችው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ለመናገር የሚፈጀው ጊዜ ቡና ከሚንተከተክበት ያነሰ ነበር። ዝም አልኩ። ቀብድ ተቀበልን፣ ውሉ ተፈረመ፣ ዕዳችንን ከፈልን።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ለእናቴ ሙት ዓመት ባሕር ዳር ሄድኩ። እግሬ ወደ ቤቱ መራኝ። በረንዳው ላይ ፍራሽ ተሰጥቷል። ሴትዮዋ አይታኝ ደስ አላት፤ «ወንድሜ፣ ግባ እንጂ፣ ምን ደጅ ያስቆምሃል!» ብላ ጎትታ አስገባችኝ። ቡና አቀረበች። ከዚያ ጓዳውን አሳየችኝ። ስንጥቁ ስቱኮውን በጥሶ ወጥቷል፤ ግድግዳው ከሥሩ አንድ ክንድ ረጥቧል።

«በእናታችሁ ጊዜም እንዲህ ያደርግ ነበር?» አለችኝ። ክስ አልነበረም። የቤቱን አመል ከሚያውቅ ሰው ምክር መጠየቋ ነው።

«አዎ፣ ያደርግ ነበር» አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ትጮኻለች፣ ትሳደባለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔ እኮ ልጆቹን ውኃ አፈሰሳችሁ እያልኩ ስቆጣቸው ከረምኩ» አለች።

እኔ ስለ ስንጥቅ ስጨነቅ የከረምኩት እንደ ገንዘብ ነበር፤ ዋጋው ምን ያህል ይቀንሳል፣ ማን ይከስራል እያልኩ። ዝምታችን ገብቶ ያልበደሉ ሕፃናትን ያስቆጣል ብዬ አላሰብኩም። ቤት የሚታይበት ጊዜ አንድ ከሰዓት ነው፤ የሚኖርበት ግን ክረምትና በጋ፣ ሌሊትና ቀን ነው። እኛ ቤቱን ያዘጋጀነው ለሚያየው ዓይን ነበር፤ ለሚኖርበት ሰው አይደለም። ለእናታችንም ያጎደልንባት ይህንኑ ነው። እርሷ ትኖርበት ነበር፤ የሚያየው ሰው ስላልነበረ ግን አልሠራነውም።

ስለዚህ ዛሬ ቤት የሚሸጥ ወዳጅ ምክር ቢጠይቀኝ የምሰጠው አንድ መለኪያ ነው። ቤትህን አሳምረው፤ ግን እያንዳንዱን ሥራ ስትሠራ ገዢው በሩ ላይ ቆሞ የሚያይህ አድርገህ አስብ። ስትጠርግ ቢያይህ ያመሰግንሃል፤ ቀለም ስትቀባ ቢያይህ ደስ ይለዋል። እጅህ የሚቆምበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ድንበሩ እርሱ ነው። እዚያ ላይ ወይ ጠግነው፣ ወይ ንገረው፣ ወይ ዋጋውን ቀንስለት።

ወንድሜ ነገሩን ስነግረው ተቆጣ፤ የተሸጠ ቤት ተሽጧል አለ። እህቴና እኔ ከየድርሻችን አዋጣንና ከቤቱ ጀርባ ውኃውን ወደ መንገዱ ቦይ የሚወስድ ፉካ አስቆፈርን፤ በድንጋይና በጠጠርም ተሞላ። ጓዳውን ጨርሶ አላደረቀውም፤ በቀጣዩ ክረምት ግን እርጥበቱ መቀነሱን ሴትዮዋ ደውላ ነገረችን። ሥራው ሁለት የቀን ሠራተኞች በሦስት ቀን የጨረሱት ነው። እናታችን በየእንቁጣጣሹ «አንድ ነገር አድርጉልኝ» ስትለን የኖረችው ይህንኑ ነበር።